በእንግሊዝኛ የጠየቀኝ ሰው

እንዳልካቸውን ያወቅሁት ስቄበት ነው። ባስታወስሁት ቁጥር አፍራለሁ፤ አፍሬ ሳልጨርስ ደግሞ «ተመስገን» እላለሁ።

የሰኔ መጀመሪያ ነበር። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የማጠቃለያ ፈተና ላባዛ ፒያሳ አጠገብ ወዳለች ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ወረፋ እንደያዝሁ መብራት ጠፋ። ባለቤቷ «አሁን ይመጣል» አለች። እንዲህ ከተባለ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ውጭ ግን ዝናቡ ስለበረታ ማንም አልወጣም።

አጠገቤ አንድ ረጅም ወጣት ቆሟል። ጫማው ጭቃ ለብሷል፤ ጣቶቹን ሲሚንቶ ሰነጣጥቋቸዋል። በላስቲክ የጠቀለለውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አወጣው፣ ሁለት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው ወደ እኔ ዞር አለ።

«እታለም፣ እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?»

«እሞክራለሁ።»

«ይኸን አንብበሽ ብትነግሪኝ። እንቢ እንዳሉን ገብቶኛል። ለምን እንቢ እንዳሉን ነው ያልገባኝ።»

ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው በወንዞች ላይ የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት የላከው፣ «አጋር አላቀረባችሁም» የሚል መልስ ነው፤ ሌላው እሱ ራሱ የሞላው ማመልከቻ ቅጂ። ማመልከቻው ላይ «ሁ ዊል ዩ ቲም አፕ ዊዝ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከማን ጋር ተባብራችሁ ትሠራላችሁ ማለት ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ በተጠነቀቀ የእጅ ጽሑፍ የሰፈረው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ቡድን የለንም። አገራችን ገደል ስለሆነ ኳስ መጫወቻ ሜዳ አይገኝም።»

ሳቄ አመለጠኝ። አፌን በእጄ ብሸፍነውም አልቆም አለ። ባለ ፎቶ ኮፒዋም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች።

እሱ አልተቆጣም። ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው።

«ሳቂ፤ የሚያስቅ ነገር ጽፌ ይሆናል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ከአሥረኛ ክፍል አላለፍሁም። የድልድይ ኮሚቴው ጸሐፊ ያደረጉኝም ሌላ ፊደል የሚጽፍ ጠፍቶ ነው። ወንዙ ከመካነ ብርሃን ማዶ ነው፤ ‹ነጣቂ› እንለዋለን። አምና በነሐሴ እህቴን ወለላን ምጥ ይዟት በቃሬዛ አምጥተናት ሞልቶ ጠበቀን። ከጧት እስከ ማታ ዳሩ ላይ ቆምን። ጤና ጣቢያው ማዶ ይታየናል። እህቴ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።»

ሳቄን አቆምሁ። ይቅርታ ልለው ፈለግሁ፤ ቃሉ ግን አነሰብኝ።

«ስምህ ማነው?»

«እንዳልካቸው።»

«እኔ ይመኙሽ እባላለሁ። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ና፣ እዚህ አግዳሚው ላይ እንቀመጥ።»

ከፈተናው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍሁለት። «‹ቲም› ብቻውን ቡድን ነው። ‹አፕ› ብቻውን ወደ ላይ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ቡድኑም ኳሱም ይቀራል፤ ሌላ ግሥ ይወለዳል። ከሌላው ጋር ለአንድ ሥራ መተባበር ማለት ነው። ‹ዊዝ› ሲከተለው ከማን ጋር እንደሆነ ይነግርሃል። ለምሳሌ ትምህርት ቤቱ ከጤና ጣቢያው ጋር ‹ቲም አፕ› አደረገ ብትል፣ ትምህርት ቤቱም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያውም ጤና ጣቢያ እንደሆኑ ለአንድ ጉዳይ ጉልበታቸውን አገናኙ ማለት ነው።»

ወረቀቱን አተኩሮ አየው። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ በርቶ ነበር።

«መቀናጆ በይኛ!»

«እንዴት?»

«አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አያርስም። እንደሱ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ይፈልጋል። ሁለቱን ይጠምዳሉ፤ ዛሬ የእኔን ማሳ፣ ነገ የእሱን። በሬው የየራሳችን ነው፤ እርሻው የጋራ ልፋት። ይኸማ የእኛ ቃል ነው! እንዲህ ብለው ቢጠይቁን ኖሮ ገጽ ሙሉ እንመልስ ነበር።»

አምስት ዓመት ሳስተምር ያን ግሥ እንደዚያ አሳምሬ ገልጬው አላውቅም። በመስከረም ክፍል ገብቼ በእሱ አፍ አስተማርሁት፤ ያልገባው ተማሪ አልነበረም።

ድርጅቱ በነሐሴ መጨረሻ እንደገና ማመልከት እንደሚቻል ጽፎ ስለነበር፣ ክረምቱን በዚያ ሥራ አሳለፍነው። እንዳልካቸው ግንበኛ ነው። ወንዙ ሲሞላ ወደ ቀዬው መሻገር ስለማይችል ክረምት ክረምት መካነ ብርሃን ከተማ እየሠራ ይቆያል። በየሁለት ሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጎንደር ይወርዳል። በመካከሉ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ይደውልልኛል።

«ጻፊ፤ ግንበኞቹ የሁለቱን ዳር መሠረት በነጻ ይገነባሉ። አጥቢያው ድንጋይ ያስመጣል። ጤና ጣቢያው በወንዙ ምክንያት ያልደረሱለትን በሽተኞች ቁጥር በማኅተም ይሰጣል።»

«የእኔስ ተማሪዎች?»

«የአንችስ ተማሪዎች ምን ይሠራሉ?»

«የእንግሊዝኛ ክበባችን ደብዳቤውን፣ ሪፖርቱን ሁሉ ይጽፋል። እኛም አንድ በሬ አለን እኮ።»

ሳቀ። በስልክ ሲስቅ ነፋሱም አብሮት ይሰማል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ፈገግ ብዬ እንደምቆይ እማዬ ቆጥራ ይሆናል፤ እኔ አልቆጠርሁም።

ጎንደር በመጣ ቁጥር ፋይሉን መሐላችን ዘርግተን እንቀመጣለን። አንዳንዴ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤ ቀና ስል ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ሲያይ አገኘዋለሁ። ዓይኑን አይሰብርም፤ ቀስ ብሎ ወደ ወረቀቱ ይመልሰዋል። እኔም ያነበብሁትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ።

በኅዳር መልሱ መጣ። ተፈቀደ!

ደውዬ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። «ኔትወርኩ ተቋረጠ ወይስ አንተ ነህ?» አልሁት። «እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «እግዜር ይስጥሽ። ይኸን ለእህቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራት እያሰብሁ ነው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመምህራን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ነዘረ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንዲት መስመር። «ዊል ዩ ቲም አፕ ዊዝ ሚ?» ይላል። ከእኔ ጋር ትተባበሪያለሽ? እንደ ማለት። ስለ ግንባታው መስሎኝ፣ ደግሞም ግሡን በትክክል ስለተጠቀመበት ደስ ብሎኝ፣ «እንዴታ! ሁልጊዜም» ብዬ በእንግሊዝኛ መለስሁና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

በታኅሣሥ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ፀዳ ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ እግራቸው የሁለት ቀን መንገድ አቧራ ጠጥቷል። ከመሐላቸው በዕድሜ የሚበልጡት አያ አዘዘ የድልድይ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ በስልክ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ።

አባባ በክብር አስገባቸው። አባቴ ጋሽ ፊልጶስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ አዲ አርቃይ ተመላልሷል። የደጋ ሰው ሲመጣበት ደስ ይለዋል። ደስታው ግን አያ አዘዘ አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ብቻ ነበር።

«ልጅዎን ለልጃችን ለእንዳልካቸው እንዲሰጡን ነው አመጣጣችን። ልጆቹም ተነጋግረዋል፤ እሷም ቃሏን ሰጥታለች።»

አባባ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ከቁጣው ይልቅ ኀዘኑ ነው የበለጠብኝ።

«ቃል ሰጥተሻል፣ ይመኙሽ? እኔ ሳልሰማ?»

«አልሰጠሁም! የምን ቃል?»

አያ አዘዘ ግራ ተጋቡ። «በስልክ ጽፈሽለት የለም እንዴ? ‹እንዴታ፣ ሁልጊዜም› ብለሽ?»

ያኔ ገባኝ። «እሱ… እሱ እኮ ስለ ድልድዩ መስሎኝ ነው» አልሁ።

እማዬ መሶቡን እንደያዘች በር ላይ ቀረች። አያ አዘዘ ጥቂት አሰቡና ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንግዲያስ ጥፋቱ የቋንቋ ነው» አሉ ለአባባ። «ልጅቱን አደራ፣ አይቆጧት። ለሕዝባችን ትልቅ ውለታ የዋለች ልጅ ናት። እኛ ያፈርነው ይበቃል።»

እማዬ ሳይበሉ እንዳይሄዱ በእግዜር ስም ለመነቻቸው። በሉ። ማንም ግን ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ሲሄዱ አባባ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ያን አገር በመኪናዬ መስኮት ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ። ሰዉ ሸጋ ነው፤ መንገዱ ግን ሰው ይበላል። ልጄን እዚያ አልልክም።»

እንዳልካቸው በማግሥቱ ደወለ። ነፋሱ ከበፊቱ ይበልጥ ይጮኻል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። በአባትሽ ፊት አዋረድሁሽ።»

«አላዋረድኸኝም። ቃሉ ግን…» መምህርነቴ አልለቅ ብሎኝ ቀጠልሁ። «‹ቲም አፕ› ለሥራ ነው የሚባል፣ እንዳልካቸው። ለትዳር አይባልም።»

«መዝገበ ቃላቱን አይቼ ነበር። ‹ለአንድ ዓላማ ከሰው ጋር መጣመር› ይላል። እኔም ለአንድ ዓላማ ነበር የጠየቅሁሽ።»

መልሴን ሳይጠብቅ «ደህና ዋይ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ ጥሪ የለም። የግንባታው ሪፖርት በየሳምንቱ ይደርሰኛል፤ «ክብርት መምህርት ይመኙሽ» ብሎ ይጀምርና በኮሚቴው ማኅተም ያልቃል። የሚጽፈው እሱ ራሱ ነው፤ እጁን አውቀዋለሁ። የምዕራቡ ዳር መሠረት አለቀ። የምሥራቁም አለቀ። እኔ እያረምሁ፣ እየተረጐምሁ ለድርጅቱ እልካለሁ። በየደብዳቤው ውስጥ አንዲት የራሱ የሆነች ቃል እፈልግ ነበር፤ አላገኘሁም።

አንድ ቀን እማዬ ልብስ ስናጥፍ በድንገት፣ «ያ ልጅ ሲደውል ስትስቂ ቤቱ ይሞቅ ነበር» አለች።

«አባባ…»

«አባትሽን ተይው። እኔ የጠየቅሁ አንችን ነው። በሽማግሌዎቹ ፊት ‹አልሰጠሁም› ያልሽው እውነት ነው፤ ቃል አልሰጠሽም። ልብሽስ?»

የአንሶላውን ጫፍ ይዤ ቆምሁ። ያን ጊዜ ለራሴ አመንሁ። ያን መልእክት በአማርኛ፣ በግልጽ ቢልክልኝ ኖሮም መልሴ ያው ነበር።

የካቲት ላይ የድልድዩ የብረት ገመድ መጣ። ሕዝቡ ገመዱን በእጁ ስቦ ወንዙን የሚያሻግርበት ቀን ተቆርጦ ለእንግሊዝኛ ክበባችን የጥሪ ደብዳቤ ደረሰን። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስለነበር ተማሪዎቹ ተበትነዋል። እኔ ግን እሄዳለሁ አልሁ።

አባባ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ብቻሽን አትሄጂም» አለና የአጎቴን ፒክአፕ ተዋሰ።

ደባርቅ አድረን፣ በነጋታው ያንን ቀዝቃዛ አምባ ተሻግረን፣ ረፋዱ ላይ ከወንዙ አፋፍ ደረስን። ነጣቂ በየካቲት ጉልበት አልነበረውም፤ በድንጋይ ላይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ግንቦቹን ግን በዚህና በዚያ ዳር፣ ከሰው ቁመት በላይ ቆመው አየኋቸው። ማዕዘናቸው እንደተላገ ቀጥ ያለ ነው። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ከመግጠሙ የተነሣ አባባ ጠጋ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው።

«ይኸን ማነው የሠራው?»

«እሱ ነው» አልሁት። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ከማዶ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ገመዱን ይዞ ይስባል። እንዳልካቸው ከፊት ነው። ሲያየኝ እጁ ለአፍታ ላላ፤ ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ገመዱ ግን አስቸገረ። ሃያ እርምጃ ይስቡታል፤ ትንፋሽ ሲወስዱ ክብደቱ መልሶ ይነጥቃቸዋል። አንዴ በኃይል ተንሸራተተና አንድ ሰውዬ ወደቀ፤ ሰዉ ጮኸ።

አባባ ጫማውን ሳያወልቅ ውኃው ውስጥ ገብቶ ተሻገረ።

«ቁሙ! ቁሙ! ሰው ታስጨርሳላችሁ!» ድምፁ ገደሉን መታው። «ወፍራም ግንድ አምጡ። ቅበሩት። ገመዱን ሁለት ዙር ጠምጥሙበት፤ እናንተ ስትስቡ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ የላላውን ይያዝ። ያኔ ያገኛችሁትን አይቀማችሁም። እኔ ገደል የገባ መኪና በዚህ ነው የማወጣ!»

ግንዱ ተቀበረ። አባባ ቆጠረ፤ ሕዝቡ «ሆ!» እያለ ሳበ። ጥቂት ቆይቶ ከግንዱ ኋላ የላላውን ገመድ የሚይዙት ሁለት ሰዎች አባባና እንዳልካቸው ሆኑ። ትከሻ ለትከሻ ነበሩ፤ ስለ እኔ ግን ምንም አልተባባሉም። «ያዝ!» ይላል አባባ። «ይዣለሁ፣ ጋሼ!» ይላል እሱ። እኔም ተሻግሬ፣ ጋቢዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ከሴቶቹ ጋር ሳብሁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገመዱ ወጥሮ፣ ከግንብ ወደ ግንብ ተዘርግቶ አየር ላይ ቆመ። የተነሣው እልልታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መዳፌ ተልጦ ነበር። አንዲት ቀጭን ሴት እጄን ሳታስፈቅድ ያዘችና ቅቤ ቀባችልኝ። ዓይኗ የእንዳልካቸው ዓይን ነው።

«የጻፍሽልን አንች ነሽ» አለች። ጥያቄ አልነበረም። «እኔ ወለላ ነኝ። አንችን ሳላይ ከክረምት ጀምሮ መረቅሁሽ።» ከዚያ ወደ ግንቡ በአገጯ አመለከተችኝ። «ሂጅ። እሱ በራሱ አይመጣም፤ አፍሯል።»

ሄድሁ። እንዳልካቸው የግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጦ እጁን ይታጠባል። ሲያየኝ ተነሣ።

«ስለዚያ መልእክት…» ብዬ ጀመርሁ።

«ተይው፣ መምህርት። አለፈ።»

«አልተወውም። ቃሉን ያለ ቦታው ነው የተጠቀምኸው። እንደገና ጠይቀኝ፤ በአማርኛ።»

ውኃው ከጣቶቹ እየተንጠባጠበ ቆመ።

«በእንግሊዝኛ የጠየቅሁሽ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «በአማርኛ ስለከበደኝ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ቃሉ ቀላል ይመስለኛል። በአማርኛ ግን ልቤ አብሮ ይወጣል።»

«ይውጣ።»

«አግቢኝ፣ ይመኙሽ።»

«አገባሃለሁ።»

ማንም አልሰማንም ብዬ ነበር። ለካስ አባባ ከግንቡ ወዲያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከእርጥብ ጫማው ውኃ እየደፋ ነው። ቀይ ፊቱ ይበልጥ ቀልቷል። እንዳልካቸው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አባባ ጫማውን አጠለቀ፤ ክሩን ቀስ ብሎ አሠረ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«አያ አዘዘ! ወዲህ ይምጡ እስኪ!»

ሽማግሌው መጡ።

«አንድ ጊዜ ያን ሁሉ መንገድ ተንከራተው በባዶ ሸኘሁዎት። አሁን እኔው እዚህ አለሁ። የሚጠይቁኝ ነገር ካለ፣ ጎንደር ድረስ ምን ያደክምዎታል?»

አያ አዘዘ ለመረዳት አፍታ ወሰደባቸው። ከዚያ የወደቀ ጋቢያቸውን አነሡ፣ አቧራውን አራገፉ፣ ሌሎቹን ሁለት ሽማግሌዎች ከሕዝቡ መሐል በእጃቸው ጠሩ። ሦስቱም አባባ ፊት ተሰለፉ። ጭቃ በጭቃ ናቸው። ሁለት መቶ ሰው ጸጥ ብሎ አዳመጠ፤ ልመናው በወጉ፣ አንድም ቃል ሳይጓደል ተደረሰ።

«ይቀመጡ» አለ አባባ። ፈቅጃለሁ ማለቱ ነው።

ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ፣ ድልድዩ በተመረቀ በሁለተኛው ሳምንት ሆነ። የሙሽራ አባት ሙሽራዋን ተከትሎ አይሄድም ቢባል፣ አባባ «አባቷ አይደለሁም፤ ለዛሬ ሹፌሩ ነኝ» ብሎ መሪውን ያዘ። በዚያ ገደል ላይ ለእኔ ሲል እንዴት አድርጎ ቀስ ብሎ እንደነዳ! ከወንዙ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና በሩን ከፈተልኝ።

«ከዚህ ወዲያ መኪና አይሄድም» አለ።

ክንዴን ይዞ ድልድዩ ላይ አወጣኝ። እንዳልካቸው ሚዜዎቹን አስከትሎ ከማዶ ቆሞ ይጠብቃል። እንጨቱ ከእግራችን ሥር በጥቂቱ ይወዛወዛል፤ ከበታች ደግሞ የበልግ ዝናብ ያደፈረሰው ወንዝ እያጉረመረመ ያልፋል። መሐል ላይ ስንደርስ አባባ ቆመ። የፈራ መስሎኝ እጁን አጥብቄ ያዝሁ። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ውኃውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከማዶ የቆመውን ሰው አየ።

«ተመስገን» አለ። ክንዴን ለቀቀኝ። «በይ ሂጅ፣ ልጄ። እኔ ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ።»